የቧንቧ ተርባይን ብለው የሸጡኝ ዕቃ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ዛሬ ጠዋት ነው የሆነው። 38,000 ብሬን በልተውኛል።

ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ እየጠበስኩ ነው ልጆቼን የማሳድገው። መብራት በጠፋ ቁጥር ፍሪዘር ውስጥ ያለው ቆሮሶና አምባዛ ይበላሽብኛል። ባለፈው ሳምንት አንድ የሶላርና የፓምፕ ሱቅ ገባሁ። ዓይነታቸውን ታውቁታላችሁ፤ ወንበር ይስባሉ፣ ቡና ያዝዛሉ፣ «እትዬ» ይላሉ። ሻጩ ከሮቶ በሚወርድ ቧንቧ ላይ የሚገጠም፣ ውኃው ሲያዞረው መብራት የሚያመነጭ ትንሽ ተርባይን አሳየኝ። «300 ዋት» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። «ጢስ ዓባይ ምንድን ነው? ውኃ ነው። ጣና በለስስ? ውኃ ነው። እርስዎ ቤት ቧንቧ ውስጥ ያለውስ ምንድን ነው?» አለኝ። አሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ የውኃ ቧንቧ ውስጥ የተሠራውንም በስልኩ አሳየኝ። አመንኩት።

ገጣሚው ከትንሽ ባትሪና ኢንቨርተር ጋር ገጠመው። ቧንቧው ሲከፈት አንዲት አምፖል በራች። «ባትሪው ሲሞላ ፍሪዘሩ ይነሳል» ብሎ ቀሪውን ብር ተቀብሎ ሄደ። ትናንት ሌሊት መብራት ጠፋ። ፍሪዘሩ አልተነሳም። ጠዋት 12 ኪሎ ዓሣ አውጥቼ ደፋሁ።

ተርባይኑን አስፈትቼ በሻሽ ጠቅልዬ ወሰድኩላቸው። ባንኮኒው ላይ ሳስቀምጠው ወረቀቱ በውኃ ርሶ ጫፉ ተነስቷል። በጥፍሬ ላጥኩት። ሥሩ፣ ፕላስቲኩ ላይ፣ «12 ቮልት፣ 10 ዋት» ይላል። አሥር! ሻጩ አየው፤ አልደነገጠም። አጠገቡ ያለው ልጅ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «መብራት ይሰጣል ነው ያልንሽ። አምፖሉ አልበራም?» አለኝ። ባለፈው ሳምንት «እርስዎ» ነበርኩ። ዛሬ «አንቺ» ሆንኩ። ከዚያ ደረሰኙን ገልብጦ በጣቱ አሳየኝ፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ተያይተው ሳቁ። ሰው ፊት ላለማልቀስ ፈጥኜ ወጣሁ።

አሁን እንቅልፍ የነሳኝ የራሴ ሞኝነት ነው። ፖሊ ቴክኒክ የሚማረው የእህቴ ልጅ ማታ ቁጭ ብሎ አሰላልኝ። ሮቶዬ 2,000 ሊትር ይይዛል፤ ከመሬት 6 ሜትር ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። ያ ሁሉ ውኃ ወርዶ ቢያልቅ ያለው ጉልበት 33 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ግማሹ መንገድ ላይ ቢባክን 16 ይቀራል። ፍሪዘሬ ደግሞ በቀን ወደ 1,000 ይፈልጋል። በቀን 60 ሮቶ ውኃ ማለት ነው! ሮቶውን የሚሞላውስ ማን ነው? ፓምፑ ነዋ። ፓምፑ የሚሠራው በመብራት ነው። በየቀኑ ማብሪያውን የምጫነው እኔው ነኝ፤ እንዴት አላሰብኩትም?

ቴክኖሎጂው ውሸት አይደለም፤ ይኼም ነው የሚያናድደኝ። ፖርትላንድ በፈረንጆቹ 2015 ዋናው የከተማ ውኃ ቧንቧ ውስጥ 4 ተርባይን ገጥመው 200 ኪሎ ዋት አግኝተዋል። ግን ቧንቧው ከ1 ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ ውኃውም ያለ ፓምፕ፣ በራሱ ቁልቁለት፣ ትርፍ ግፊት ይዞ ነው የሚወርደው። ጣና በለስም 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ውኃው ከ300 ሜትር በላይ ስለሚወርድ ነው። ሰውዬው እውነቱን ይዞ ነው የዋሸኝ።

እንዲህ ያለ ዕቃ ካሳዩዋችሁ ውኃው ከስንት ሜትር እንደሚወርድ፣ በሰከንድ ስንት ሊትር እንደሚፈስ ጠይቁ። ወረቀቱን ልጣችሁ ሥሩን እዩ። የራሳችሁን ፍሪዘር ሳያስነሳ ብር አትስጡ።

ነገ ጠዋት ደረሰኜን ይዤ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ። ባሕር ዳር ውስጥ እንዲህ ወረቀት የተለጠፈበት ተርባይን የገዛችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ አብረን እንሂድ።