አርቲኤክስ 3060 እና ኮር አይ5 12400ኤፍ ከ9 ወር በኋላ፦ የቆጨኝ ካርዱ አይደለም፣ አንዲት ፊደል ናት

ነሐሴ ላይ ኮምፒውተሩን ሳስገጥም ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነበር። ያለችኝን ብር ግራፊክስ ካርዱ (አርቲኤክስ 3060) ላይ ላውላት ወይስ ፕሮሰሰሩ (ኮር አይ5 12400ኤፍ) ላይ? ሥራዬ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት ነው፤ የምሠራውም ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ። ጌም አልጫወትም። የምፈልገው የ40 ደቂቃ የሠርግ ፊልም በቶሎ ኤክስፖርት እንዲሆንልኝ ነው። የሸጠልኝ ልጅ «ለኤንኮዲንግ (ቪዲዮ ለመጭመቅ) ከሆነ ካርዱን አጠንክረው፣ ፕሮሰሰሩ ምንም ይሁን» አለኝ። ግማሹ እውነት ነበር። ጥርን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ሌላው ግማሽ ነው።

እውነቱን ላስቀድም። ካርዱ ውስጥ ቪዲዮ ለመጭመቅ ብቻ የተሠራች ኤንቬንክ የምትባል ክፍል አለች። በፕሮሰሰሩ ብቻ ሳስወጣው ከ2 ሰዓት በላይ የሚፈጅ ፊልም በእሷ ከ25 ደቂቃ አያልፍም። እኛ ሰፈር ይህ የፍጥነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የኤምፒ4 ፋይል ማውጫ፣ ማለትም ውስጡ ምን የት እንዳለ የሚያሳየው ዝርዝር፣ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ 90 በመቶ ላይ መብራት ከሄደ የተረፈው ፋይል አይከፈትም፤ ሥራው እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። 2 ሰዓት የሚያቆይ ዩፒኤስ የለኝም። 25 ደቂቃ ግን በክረምትም ቢሆን መብራቱ ሳይሄድ አገኛለሁ።

«በካርድ የወጣ ጥራቱ ይወርዳል» የሚሉኝም አሉ። እኔም ሞክሬ አይቼዋለሁ። አንዲት ሙሽራ እስክስታ ስትመታ የቀረጽናትን በሰከንድ በ8 ሜጋቢት በሁለቱም መንገድ አውጥቼ የቀሚሷን ጥበብ አጉልቼ አየሁት። በካርዱ በወጣው ላይ ትከሻዋ ሲንቀሳቀስ የጥለቱ ቀጫጭን መስመሮች እርስ በርስ ይደባለቃሉ። በፕሮሰሰሩ፣ ኤክስ 264 በሚባለው መጭመቂያ ፕሮግራም «ስሎው» (ዝግተኛ) ምርጫ በወጣው ላይ ግን ቀዩና አረንጓዴው ክር ይለያል። ስለዚህ ለቴሌግራም የምልካትን የ3 ደቂቃ ቅንጭብ ዛሬም በፕሮሰሰር ነው የማወጣት። ለቤተሰቡ በፍላሽ የምሰጠውን በ40 ሜጋቢት ሳወጣው ግን ልዩነቱን ዓይኔ ሊያገኘው አልቻለም። ካርዱን በዚህ አልወቅሰውም።

አሁን ወደ ቁስሌ ልምጣ። ጥር ላይ ከጥምቀት በኋላ የሠርጉ ወቅት ሲጀምር፣ አብሮኝ የሚሠራው ካሜራማን አዲስ ካሜራ ይዞ መጣ። የሚቀርጸው ባለ 10 ቢት፣ 4:2:2፣ ኤች 265 (ቪዲዮ የሚጨመቅበት ዘዴ) ነው። ለእኛ ሥራ ትልቅ ነገር ነው። 8 ቢት ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ሲሰጥ 10 ቢት 1024 ይሰጣል። 4:2:2 ደግሞ ከለመድነው 4:2:0 እጥፍ የቀለም መረጃ ይይዛል። ፀሐይ ያረፈበትን ነጭ ነጠላ ሳታቃጥል ፊትን ማፍካት የምትችለው በዚህ ነው። በደስታ ኤዲት የማደርግበት ፕሮግራም፣ ፕሪሚየር ውስጥ አስገባሁትና ስፔስ ተጫንኩ። ድምፁ ይሄዳል፣ ምስሉ ቆሟል። ሚዜዎቹ እየጨፈሩ በየሁለት ሰከንዱ አንድ ጊዜ ይዘላሉ። የካርዱ ጭነት 6 በመቶ፣ የፕሮሰሰሩ 100። ካርዱ ተበላሽቶ መስሎኝ ድራይቨሩን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ጫንኩ።

ጉዳዩ ወዲህ ነው። መጭመቅና የተጨመቀውን መፍታት ሁለት ሥራ ነው። ሁላችንም ስንገዛ የምንጠይቀው ስለ መጭመቁ ነው። ኤዲተር ግን ቀኑን ሙሉ ሲያስፈታ ውሎ የሚያስጨምቀው ማታ አንድ ጊዜ ነው። የኔ ካርድ በኤች 265 የ4:2:0ንም የ4:4:4ንም ፋይል ይፈታል፤ መሃል ላይ ያለውን 4:2:2 ግን አይፈታም። ካርዱን ከሚሠራው ከኤንቪዲያ ቤት ይህን የሚፈታው እ.ኤ.አ. በ2025 የመጣው የአርቲኤክስ 50 ትውልድ ነው። ይህንኑ ፋይል ያለ ችግር የሚፈታው ደግሞ ማንም የማይቆጥረው ነገር ነው፦ ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ ባሉት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ውስጥ አብሮ የሚመጣው ትንሹ ግራፊክስ፣ በውስጡ ባለችው ኩዊክ ሲንክ በምትባል የቪዲዮ ክፍል። 12400 አለው። 12400ኤፍ የለውም። ኤፍ ማለት ግራፊክስ የለበትም ማለት ነው፤ ሌላው ሁሉ አንድ ነው፣ ያው 6 ኮር፣ ያው 12 ትሬድ። ሲወጡ በሁለቱ መካከል የነበረው የዋጋ ልዩነት ወደ 25 ዶላር ገደማ ነበር።

ሻጩን ደግሜ ሳገኘው ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «ካርድ ካለህ የፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ምን ያደርግልሃል?» ይለኛል። ወንድሜ፣ ለጌም ምንም አያደርግም። እኔ ግን ገና ከበር ስገባ የሠርግ ኤዲተር ነኝ ብዬሃለሁ! ማሽኑን አዙሬ ሳየው ከማዘርቦርዱ ጀርባ ያለችው የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ከፋብሪካ የመጣች ጥቁር ክዳኗን እንደለበሰች ናት። ክዳኗን ነቅዬ ሞኒተር ብሰካባትም ጨለማ ነው። ፕሮሰሰሩ ወደዚያ የሚልከው ምስል የለውም።

አሁን የምሠራው በፕሮክሲ ነው። ከቀረጻ ስመለስ ሁሉንም ክሊፕ ወደ ትንሽ ፋይል አስቀይርና በዚያ ኤዲት አደርጋለሁ። ይሠራል። ነገር ግን የቢሾፍቱ ሠርግ ካለቀ በኋላ በፈጣን መንገዱ በ3 ሰዓት ማታ ቤት ደርሼ፣ ቅዳሜን ለእሑድ አጥቢያ ፕሮክሲ ሲሠራ ስጠብቅ አድራለሁ። ኤክስፖርት ሲሆን ደግሞ ዋናውን ፋይል የሚፈታው ያው ፕሮሰሰር ስለሆነ፣ የወደድኳት 25 ደቂቃ ከአዲሱ ካሜራ በሚመጣው ሥራ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆናለች። ይህ ከሁሉም በላይ ያበሳጨኛል። ካርዱ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል።

ስለ ቀረው ብዙ የምለው የለኝም። 9 ወር ሙሉ አልጋለም፣ አልጮኸም፣ አንድም ቀን አልጠፋብኝም።

ባለፈው ሳምንት ሰንዳፋ የሚኖር ጓደኛዬ ካርዱን ሽጥልኝ ብሎኝ ነበር፤ አልሸጥም አልኩት። ኤፍ የሌላት 12400 እዚያው ማዘርቦርድ ላይ ስለምትገባ እሷን እየፈለግኩ ነው። ያለችኝን ፕሮሰሰር ለጌም የሚፈልግ ካለ በሙሉ ልቤ እሸጥለታለሁ፤ ኤፏን አስቀድሜ ነግሬው።