ፕላስቲክ፣ ብረት ወይስ ሬዚን? በድሬዳዋና በሐረር የጠረጴዛ ጦር ለሚሠራ ሰው

ለጠረጴዛ ጦርነት ጨዋታ 28 ሚሊ ሜትር ሚኒየቸር (ትንሽ የወታደር ምስል) የሚያዝዝ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው ፎቶ አይቶ ነው። ቆርጦ፣ ለውጦና ቀብቶ የራሱን ጦር ሊያወጣ ላሰበ ሰው ግን ከመልኩ በፊት የሚጠየቀው ምስሉ ከምን እንደተሠራ ነው። ሙጫውን፣ ሙቀቱን የመቻል አቅሙን፣ የፖስታውንም ጣጣ የሚወስነው እሱ ነው። እዚህ ንጽጽሩን በአንድ ሥራ እንይዘዋለን፦ በ1888 ዓ.ም. ከራስ መኮንን ጋር ወደ ዓድዋ የዘመተውን የሐረር ጦር ለሌላ አገር ጦር ከተሠሩ ምስሎች ማውጣት።

ጠንካራው ፕላስቲክ

ፖሊስቲሪን የሚባለው ነው። ጭንቅላት፣ እጅና መሣሪያ ለየብቻ ሆነው በፍሬም ላይ ተያይዘው ይመጣሉ። በካተር ይቆረጣል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ የአንዱ ሳጥን እጅ ለሌላው ሳጥን ሰውነት ይሆናል። ለመለወጥ የሚስተካከለው የለም።

አንድ ምሳሌ ብቻ እንይ። የአውሮፓ ወታደር ሰይፉን የሚታጠቀው በግራ ጎኑ ነው፤ የእኛ ሰው ጎራዴውን በቀኝ። ፕላስቲክ ከሆነ ስስ ምላጭ ከአፎቱ ሥር አስገብቶ ቀስ እያሉ መላጥ፣ የቀረውን ጠባሳ በምላጩ ጀርባ መፋቅ፣ አፎቱን ወደ ቀኝ ጎን አዙሮ መለጠፍ ነው። ብረት ከሆነ መጋዝና ሞረድ ይጠይቃል፤ አፎቱም ተፈጭቶ ይቀራልና ሌላ መሥራት ግድ ይላል። ሬዚኑ (ፈሳሽ ሳለ ቅርጽ ይዞ የሚጠነክረው ቁስ) ለመቁረጥ አይከብድም፣ ግን ምላጩ ሲገፋው በድንገት ይሰነጠቅና ከጭኑ ጭምር ይዞ ይሄዳል።

የፕላስቲኩ ችግር ያለው ሙጫው ላይ ነው። ለፖሊስቲሪን የተሠራው ሙጫ ሁለቱን ገጽ አቅልጦ አንድ ስለሚያደርግ የሚወዳደረው የለም። ነገር ግን ተቀጣጣይ ፈሳሽ ነውና የአየር ፖስታ አይቀበለውም፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድም በሻንጣ ይዞት ሊገባ አይችልም። ስለዚህ እዚህ የሚቀረው ከየሱቁ የሚገኘው ሱፐር ግሉ ነው። እሱ ሲጎተት ይይዛል፣ ሲወድቅ ግን ይላቀቃል። ክንድና ጦር የመሳሰሉትን በ1 ሚሊ መሰርሰሪያ በስቶ የወረቀት ክሊፕ ሽቦ ማስገባት ይሻላል። በሙጫው ምትክ አሴቶን ወይም ቲነር መሞከር ግን የምስሉን ፊትና ጣት ማስበላት ነው።

ሱፐር ግሉ የሚደርቀው ከአየሩ እርጥበት ወስዶ ነው። በድሬዳዋ ደረቅ ወራት ሲዘገይ አንዱን ገጽ በትንፋሽ ማራስ ይበቃል። ቤኪንግ ሶዳ (ቤኪንግ ፓውደር አይደለም) ቢነሰነስበት ወዲያው ይጠነክራል፣ ክፍተትም ይሞላል፤ ግን ማስተካከያ ጊዜ የለም። ትልቅ ጠርሙስ አትግዙ። ትንንሹን ቱቦ ገዝታችሁ ያልተከፈተውን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ፤ ስታወጡትም ቅዝቃዜው እስኪለቀው ሳትከፍቱት ጠብቁ።

ብረቱ

ክብደቱ የመላኪያውን ዋጋ ይጨምራል፣ ያለ ሽቦ አጥብቆ አይያያዝም፣ ቀለሙ በጥፍር ጫፍ ይላጣል። የቆዩት ምስሎች እርሳስ ስላለባቸው ከሞረዱ በኋላ እጅ ሳይታጠቡ መብላት አይገባም። ጥቅሙ፣ የጦር ዘንግ ቢጣመም ቀስ ብሎ ይቃናል፣ ሙቀትም አይነካውም። ለውጥ ለማያስፈልገው አንድ ሁለት መኳንንት ይግዙት እንጂ ጦር በሙሉ በብረት መጀመር አያዋጣም።

ሬዚኑ

በሦስት አቅጣጫ ማተሚያ የሚወጣው ሬዚን የፊት መጨማደድ ሳይቀር ያሳያል፤ ብዙ ገዢ የሚሸነፈውም እዚያ ላይ ነው። ሲደርሳችሁ በጣት ንኩት። የሚጣበቅ ከሆነ በብርሃን በደንብ አልጠነከረምና ቀለም አይዘውም። የድሬዳዋ ፀሐይ ላይ ትንሽ ማዋል ያጠነክረዋል፤ መስኮት ላይ ለሳምንታት መተው ግን ያንኑ ሬዚን ተሰባሪ ያደርገዋል። በሻጋታ የተፈሰሰው ሬዚን ደግሞ ከሻጋታው የቀረ ቅባት ስላለው ከመቀባቱ በፊት ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በጥርስ ብሩሽ ይታጠባል።

ቀጫጭን ጦርና የጠመንጃ አፈሙዝ በሙቀት ይጣመማሉ። ሙቅ ውሃ ውስጥ ጥቂት ሰከንድ ነክሮ ማቃናት፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መክተት ነው መፍትሔው። 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ ይህ ተደጋግሞ ያጋጥማል፤ 1,885 ሜትር ላይ ባለችው ሐረር ብዙም አያሳስብም። ብናኙ ለሳንባ መጥፎ ስለሆነ ሲላግ በውሃ እያራሱ፣ አፍና አፍንጫ ሸፍኖ ነው።

ሸማው ከምን ይሠራ?

የሐረር ጦር የሚያስመስለው ልብሱ ነው፣ ልብሱን የሚሠራው ደግሞ ሁለት ክፍል ያለው ኢፖክሲ ሊጥ። ግሪን ስታፍና ሚሊፑት ሁለቱም እኩል በእኩል ይቦካሉ፣ ባሕርያቸው ግን ይለያያል። ግሪን ስታፍ ከደረቀ በኋላም ትንሽ ይለጠጣል፤ ለሸማ፣ ለለምድና ለጎፈር እሱ ነው። ሚሊፑት በውሃ ይለሰልሳል፣ ሲደርቅ ይጠነክርና ይላጋል፤ ለጋሻና ለድንጋይ ይሁን። በስሱ ከተዘረጋ ይሰበራልና ሸማ አይሆንም። ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሚገኘው የቧንቧ ኢፖክሲ ሊጥ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል፣ አሸዋማም ነው፤ ምስሉ በሚቆምበት መቆሚያ ላይ ከሚደረግ ድንጋይ አያልፍም።

ግሪን ስታፍ ስትገዙ ሰማያዊና ቢጫው ጎን ለጎን ተጣብቀው በጥብጣብ መልክ የሚሸጡትን ተዉ። ሁለቱ የሚነካኩበት መስመር መንገድ ላይ እያለ ይደርቃል፣ ሲቦካም ጠጠር ጠጠር ይላል። የግድ እሱ ከተገኘ መካከሉን 2 ሚሊ ያህል ቆርጦ መጣል ነው። ሁለቱ ለየብቻ የታሸጉበት ይሻላል። ሰማያዊው ሲበዛ ጠንክሮ ጠርዝ ይይዛል፣ ቢጫው ሲበዛ ይለሰልሳል። ሙሉ በሙሉ ለመድረቅ አንድ ቀን ገደማ ይወስዳል፤ በድሬዳዋ ቀትር ግን ለመሥራት የሚሰጠው ጊዜ በጣም ያጥራል። ማታ መሥራት ወይም የተቦካውን ከፋፍሎ ፍሪዘር ውስጥ ማቆየት ይረዳል።

ለአንድ ሸማ የአተር ፍሬ የሚያህል ሊጥ ይበቃል። ቫዝሊን በስሱ የተቀባ ሴራሚክ ላይ ከ1 ሚሊ ባነሰ ውፍረት ዳምጡት፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ተዉት፣ ከዚያ አንስታችሁ ትከሻው ላይ ጣሉት። ወዲያው ከተጣለ እጥፋቱ ይቀልጣል፣ ከዘገየ ጠርዙ ይሰነጠቃል። ጋሻው በዚህ መጠን ከ8 እስከ 9 ሚሊ ስፋት ይኖረዋል፤ ዶቃ ላይ ተጭኖ ጎበጥ ይላል። ጎፈሩ በመርፌ ጫፍ ከግንባር ወደ ኋላ ይጫራል። ከመቀባታችሁ በፊት ቫዝሊኑን በሳሙና አጥቡት፣ አለዚያ ቀለሙ ይላጣል።

ቀለሙ

ሲታዴል ከሚባለው የሚኒየቸር ቀለም አንዱ ብልቃጥ 12 ሚሊ ሊትር ነው፣ ክዳኑ ላይ ቀለም ሲደርቅ በደንብ አይገጥምም፤ በደረቅ አየር ደግሞ ውስጡ ይደርቃል። የቫሌሆና የአርሚ ፔይንተር ጠርሙሶች 17 ወይም 18 ሚሊ ሊትር ይይዛሉ፣ በጠብታ ነው የሚወጡት፤ አፋቸው ቢደፈን መርፌ ይከፍተዋል። ለእዚህ አካባቢ የጠብታ ጠርሙስ ይሻላል። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚገኘው የትምህርት ቤት አክሪሊክ ሻካራ ነው፤ ለመቆሚያና ለቤት ግድግዳ ይሁን።

የፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባው መሠረት) ስፕሬይም እንደ ሙጫው በአየር ፖስታ አይመጣም። ዱኮውን ከመኪና ቀለም ቤት ልግዛ የሚል ሰው ይኖራል፤ በውስጡ ያለው ቲነር ፕላስቲኩን ይበላል። ስፕሬይ ቢገኝ እንኳ በቀትርና በነፋስ ሲረጭ አየር ላይ እያለ ደርቆ ምስሉን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ያሻክራል። በብሩሽ የሚቀባ ፕራይመር ግዙ፤ በስሱ ሁለት ጊዜ ቀቡት።

ሸማውን ከነጭ አትጀምሩ። ፈዛዛ ግራጫ ወይም ቢዥ መጀመሪያ፣ ነጩ እጥፋቱ አናት ላይ ብቻ። ለመኳንንቱ ጃኖ ቀዩን ጥለት ሸማው ከደረቀ በኋላ። ነጭ በወፍራሙ ሲቀባ ኖራ ይመስላል፤ በሙቀት ደግሞ ብሩሹ ላይ ይደርቃል። ክዳን ያለው ጥልቀት የሌለው ሳጥን ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ፣ በላዩም የመጋገሪያ ወረቀት ቢነጠፍ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀለም ያቆየዋል። ብሩሽ ቁጥር 1 ወይም 2 ይበቃል፤ በጣም ቀጭኑ ሦስት ዜሮ (000) ምስሉ ጋ ሳይደርስ ይደርቃል።

የድሬዳዋ ቧንቧ ውሃ ካልሲየሙ ብዙ ነው፤ የቀጠነ ቀለም ሲደርቅ ነጭ ጠርዝ ይተዋል። አፍልቶ ማቀዝቀዝ ወይም የታሸገ ውሃ መጠቀም ይበጃል። ከመለዋወጫ ሱቅ የተጣራ ውሃ የሚገዛ ሰው የባትሪ አሲድ እንዳይሰጠው ያረጋግጥ።

እዚሁ የሚገኘው

ለመቆሚያ አሸዋ ከውጭ መግዛት አያስፈልግም። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በሻይ ማጥለያ ተነፍቶ፣ ታጥቦና ደርቆ በነጭ የእንጨት ኮላ ይለጠፋል። ከጫት ገረባ የተረፈው ቀጭን እንጨት ጥሩ የዛፍ ግንድ ይወጣዋል፤ በደንብ ካልደረቀ ግን ይሻግታል።

ለ20 ምስል የመጀመሪያ ትእዛዝ ይህ ይበቃል፦ አንድ ሳጥን የፕላስቲክ እግረኛ፣ ለየብቻ የታሸገ ግሪን ስታፍ፣ በእጅ የሚዞር መሰርሰሪያ ከ1 ሚሊ ፑንታው (የሚበሳው ጫፍ) ጋር፣ የብሩሽ ፕራይመር፣ ስምንት ጠርሙስ ቀለም (ነጭ፣ ግራጫ፣ ቢዥ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ የብረት ቀለምና ለቆዳ ሁለት ቡናማ)፣ የማያንጸባርቅ የብሩሽ ቫርኒሽ። የመሰርሰሪያውን ፑንታ ሁለት ሦስት አድርጉት፤ 1 ሚሊው ሳይታሰብ ይሰበራል።