ለኩዊልት የሚሆን የስፌት መኪና ላስመረጡን የሐዋሳው ባለሙያ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ የስፌት መኪና የሚሸጡና የሚጠግኑ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ባለሙያ አሉ። ኩዊልት ከምንሰፋው፣ ማለትም ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥመን በፋይበር (መሐል በሚገባው ለስላሳ ንጣፍ) እና በገበር ደርበን የአልጋ ልብስ ከምንሠራው ሴቶች ብዙዎቻችን መኪናችንን የመረጥነው በእሳቸው ምክር ነው። በእግዚአብሔር ይስጥልን ብቻ ብናልፈው ቅር ይለናል። ምን እንደሚያዩና ለምን እንደሚያዩ ብንጽፈው መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ ሁሉ ትጠቀሙበታላችሁ።

ጋሼ ከብሩ በፊት የሚጠይቁት ጨርቁን ነው። "ፊቱን፣ ፋይበሩን፣ ገበሩን ደርበሽ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ ይዘሽልኝ ነይ" ይላሉ። ባዶ እጁን ለመጣ ሰው፣ ገንዘቡን ቆጥሮ ቢያቀርብ እንኳ አይሸጡም። ሱቅ ውስጥ ለሙከራ በምትሰጥ ነጠላ ፖፕሊን ላይ የትኛውም መኪና አሳምሮ ይሰፋል። ኩዊልት ላይ ግን አራት ካሬዎች የሚገናኙበት ማዕዘን አለ፤ የስፌቱ ትርፍ (ከስፌቱ መስመር እስከ ጨርቁ ጠርዝ የሚቀረው) ተደራርቦ ይወፍራል፣ ከሥሩ ደግሞ ፋይበርና ገበር አለ። መርፌው እዚያ ሲደርስ ይጎብጣል። የጎበጠ መርፌ ክሩን ለሁኩ፣ ማለትም ከሥር እየዞረ የላይኛውን ክር ለሚይዘው ብረት፣ ጫፍ በትክክል አያቀብልምና ስፌት ይዘላል። ብዙ ሰው "መኪናዬ ተበላሸ" ብሎ የሚያመጣው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ነገር የክንዱ ክፍተት ነው፤ ከመርፌው እስከ ቋሚው አካል ያለው ርቀት። ጋሼ ሜትር አውጥተው ገዢው ፊት ይለኩታል። የተለመደው የቤት መኪና 16 ወይም 17 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ባለ አንድ መርፌ የኢንዱስትሪ መኪና ወደ 26 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። 2 ሜትር ከ20 ስፋት ያለው የአልጋ ልብስ መሐሉ ሲሰፋ 1 ሜትር ከ10 የሚሆነው ተጠቅልሎ በክንዱ ሥር ማለፍ አለበት። ወፍራም ፋይበር ከሆነ በ16 ሴንቲ ሜትር ውስጥ አይገባም፤ ቢገባም ጥቅልሉ መርፌውን ወደ ጎን ይገፋል። የቤት መኪና ብቻ መግዛት ለሚችል ሰው ጋሼ ቀጭን ፋይበር ይመክራሉ፤ አለዚያም የአልጋ ልብሱን በሦስት ቁመት ከፍሎ እያንዳንዱን ለየብቻ ሰፍቶ በመጨረሻ ማገጣጠም። ሥራው ይረዝማል እንጂ ውጤቱ ጥሩ ነው።

ለብዙዎቻችን የመከሩት ብዙ ዓይነት ጥልፍ የሚያወጣውን መኪና ሳይሆን ቀጥታ ስፌት ብቻ የሚሰፋውን ነው። ሲገጣጠምም ሲደረብም አብዛኛው የኩዊልት ሥራ ቀጥ ያለ ስፌት ስለሆነ፣ ለዚግዛግና ለአበባ የሚከፈለው ገንዘብ ለሞተርና ለብረት ቢከፈል ይሻላል የሚል ነው ሐሳባቸው። እኛም እንስማማለን። ልብስ የሚሰፋበት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በዚህ ዓይነት መኪና የሠሩ እጆች በከተማችን በርክተዋል፤ እዚያ የሠራች ልጅ ለመልመድ ጊዜ አይፈጅባትም።

የኢንዱስትሪ መኪናውን ጉድለትም አይደብቁም። እንደ ጁኪ ዲዲኤል 8700 ያሉት ጨርቅ የሚስበው ጥርሳቸው ወደ ታች ስለማይወርድ ጨርቁን በእጅ እያዞሩ ክብና ቅጠል መሳል አይመቹም፤ ቀጥታ መስመርና አልማዝ ቅርጽ ነው የሚያምርባቸው። ጭንቅላቱ ሥር የዘይት መያዣ አለ፤ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ካለፈ ወይም መኪናው ዘይቱ ሳይቀዳ በባጃጅ ከተጓጓዘ ነጭ ገበር ላይ ነጠብጣብ ይጥላል። ስለዚህ ቦታ ካዛወራችሁት በኋላ መጀመሪያ በውራጅ ጨርቅ ላይ ጥቂት ደቂቃ አስኪዱት። በነፃ እጅ ቅርጽ ለመሳል ለምትፈልጉ፣ ከውጭ የሚልክላችሁ ዘመድ ካለ፣ የጁኪ ቲኤል 2010ን ዓይነት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ባለ ቀጥታ ስፌት መኪና ያስታውሷችኋል፤ ጥርሱ ይወርዳል፣ ክንዱም ከ21 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው።

ሞተሩን በተመለከተ ምርጫቸው ሰርቮ ነው። የድሮው ክላች ሞተር ማብሪያው ከተጫነ ጀምሮ ባይሰፋም ይዞራል፤ መብራት ይበላል፣ ይጮኻል፣ ፔዳሉ ሲነካ ደግሞ በአንዴ ይፈተለካል። ሰርቮ የሚዞረው ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ ነው፤ ፍጥነቱም ከላይ ሊገደብ ይችላል። ኩዊልት ቀስ ተብሎ የሚሰፋ ሥራ ነው። ጋሼ የሚሞክሩት እንዲህ ነው፦ ወፍራሙን ማዕዘን ከመርፌው ሥር አድርገው ፔዳሉን በጣም በቀስታ ይረግጣሉ። መርፌው በእጅ መዘውሩን ሳይረዱት ከበሳ መኪናው ያልፋል፤ ከቆመና ሞተሩ ብቻ እምም ካለ ወደ ቦታው ይመልሱታል።

ያገለገለ መኪና ሲመርጡ ማየት ትምህርት ነው። መዘውሩን ወደ ራሳቸው ብቻ ያዞራሉ፤ ወደ ኋላ ማዞር ክሩን ሁኩ ውስጥ ያጠላልፋል። መርፌው የሚገባባትን ቀዳዳ ዙሪያ በጥፍራቸው ይዳብሳሉ፤ ጭረት ካለ መርፌ ተሰብሮባታል ማለት ነው፣ ክሩንም እየፋቀ ይበጥሳል። የሁኩን ጫፍም እንዲሁ። የመርፌ ዘንጉን ይዘው ወደ ግራ ቀኝ ይነቀንቃሉ፤ ከተነቃነቀ ተበልቷል። ከዚያ ውፍረቱ አንድ ዓይነት የሆነ ክር፣ ከላይ ቀይ ከታች ነጭ አድርገው፣ እኛ ይዘን የሄድነው ቁራጭ ላይ ይሰፋሉ። ቀዩ ክር ከታች በኩል ቀለበት ከሠራ ችግሩ ያለው ከላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጨርቁን የሚጫነው እግር ወርዶ ሳለ ክር ስለተሰካ ነው። እግሩ ካልተነሳ የክር ማጥበቂያው ሳህኖች አይከፈቱም፤ ክሩ በመሐላቸው አይገባም። ይህን ያላወቀ ሰው የቦቢኑን (የታችኛው ክር መያዣውን) ብሎን ይነካካና ደህናውን ያበላሻል።

ከአሜሪካ የመጣ መኪና ይዛችሁ ከሄዳችሁ ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት አሳዩዋቸው። ብዙዎቹ የተሠሩት ለ110 ወይም 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220 ነው። ቁጥሩ መሰኪያው ጋ ወይም ከሥር በኩል ባለው ትንሽ ሳህን ላይ ተጽፏል። ከ100 ዋት በታች ለሆነ የቤት መኪና 300 ዋት የሚችል ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይበቃዋል።

ከገዛን በኋላ ያደረጉልን ደግሞ ለብቻው የሚመሰገን ነው። መኪናውን ከማስረከባቸው በፊት ለኩዊልት ያስተካክሉታል። የእግሩን ጫና ያላላሉ፤ ጫናው ሲበዛ ገበሩን ከሥር ጥርሱ እየሳበ ሲወስደው የላይኛው ጨርቅ ከእግሩ ፊት ተገፍቶ ይቀርና ይሸበሸባል። ለቤት መኪና ተራማጅ እግር ይገጥማሉ፤ ይህ እግር የራሱ ጥርስ ስላለው የላይኛውንና የታችኛውን ጨርቅ እኩል ይወስዳል። ስትገዙ ግን ቁመቱ ከመኪናችሁ ጋር መግጠሙን አረጋግጡ፤ ክንፉም የመርፌ ማሰሪያው ብሎን ላይ መቀመጥ አለበት፤ አለዚያ አይራመድም። መርፌውንም ያሳያሉ፦ የቤት መኪና መርፌ አናቱ በአንድ ጎን ጠፍጣፋ ነው፣ የኢንዱስትሪው ሙሉ ክብ ነው፣ አይለዋወጡም። የመርፌው ቁጥር ለመገጣጠም 80/12፣ ሦስቱን ድርብ ለመስፋት 90/14 ነው። የስፌቱን እርምጃ ለመገጣጠም ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ ለመደረብ ከ3 እስከ 3.5።

አንድ ነገር አጥብቀው ይናገራሉ፣ ትክክልም ናቸው። የኩዊልት የስፌት ትርፍ ሩብ ኢንች፣ 6 ሚሊ ሜትር ከትንሽ ነው። አሥር ካሬ በአንድ ረድፍ ሲገጣጠም ዘጠኝ ስፌት አለ፤ እያንዳንዱ ስፌት ላይ ትርፉ በ1 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ ከሁለቱም ጨርቅ ስለሚወሰድ ረድፉ 18 ሚሊ ሜትር ያጥራል። ከዚያ ከጎኑ ካለው ረድፍ ጋር ማዕዘኑ አይገናኝም። ስለዚህ ከመርፌው ሩብ ኢንች ለክተው የመኪናው ብረት ላይ ፕላስተር ይለጥፉላችኋል። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ የአልጋ ልብሱን የሚያድነው ግን እሱ ነው።

በግራ በኩል ጠረጴዛ እንድንጨምርም አድርገውናል። የአልጋ ልብሱ ወደ መሬት ሲንጠለጠል ክብደቱ ጨርቁን ይጎትታል፣ መርፌ ይሰብራል፣ የተሰበረው መርፌ ሁኩን ይጭራል። ከመስፋታችሁም በፊት ሦስቱን ድርብ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በመርፌ ቁልፍ ያዙት፣ ገበሩን በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር አስተርፉለት፣ ከመሐል ጀምራችሁ ወደ ዳር ስፉ።

እንድታውቁት፦ የኮምፒውተር ቦርድ ያላቸውን መኪናዎች አይጠግኑም፤ ራሳቸው ይነግሯችኋል፣ አያደክሟችሁም። ከአዲስ ዓመትና ከመስቀል በፊት ልብስ ሰፊው ሁሉ ስለሚሰለፍ ወረፋው ይበዛል፤ ካልቸኮላችሁ ከበዓል በኋላ ሂዱ። ያሉበትን በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንጠቁማለን። ስትሄዱ የደረባችሁትን ቁራጭ፣ የምትሰፉበትን ክርና መኪናው የሚቀመጥበትን ቦታ ስፋት ለክታችሁ ያዙ። ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልን።