ቢራ በቤት ለመጥመቅ፦ ድስትና ከረጢት ወይስ አይስ ቦክስ?

የተፈጨው ብቅል ከ65 እስከ 68 ዲግሪ በሚሆን ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል መዘፍዘፍ አለበት። ስታርቹ ወደ ስኳር የሚለወጠው እዚህ ላይ ነው። ሙቀቱን በምን እንያዘው? አንዱ መንገድ ብቅሉን በስስ ጨርቅ ከረጢት አድርጎ ድስት ውስጥ መዘፍዘፍ ነው፤ ሌላው አይስ ቦክስ ውስጥ ዘፍዝፎ ፈሳሹን በቧንቧ ማውጣት።

ወጪ፦ ለከረጢቱ አንድ ትልቅ ድስትና ስስ ጨርቅ ይበቃል፤ ሁለቱም መርካቶ አሉ። አይስ ቦክሱ ቧንቧና ማጥለያ ይፈልጋል፤ በኋላ ፈሳሹን እሳት ላይ ለማፍላት ደግሞ ድስቱ አይቀርም።

ሙቀት፦ ድስት ቶሎ ይቀዘቅዛል። በጋቢ ጠቅልሉት፣ ቴርሞሜትር አይለያችሁ። አይስ ቦክስ ክዳኑ ከተገጠመ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ እንኳ አያሳስብም። ይሄን በጣም እወድለታለሁ።

አፈጫጨት፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ወፍጮ ቤት ሄዳችሁ ዝም ካላችሁ ብቅሉን ዱቄት አድርገው ይሰጧችኋል። ከረጢቱ ይህን ይችላል። አይስ ቦክሱ ግን ይደፈናል፣ ጠብ አይልም። ስለዚህ "ተሰንጥቆ ብቻ ይውጣ፣ ገለባው አይድቀቅ" በሏቸው።

አደጋ፦ 5 ኪሎ ብቅል ውሃ ሲጠጣ 10 ኪሎ ገደማ ይሆናል፣ ያውም ትኩስ። ብቻችሁን አታንሱት። በአይስ ቦክስ በኩል ደግሞ ሙቀት የማይችል ርካሽ ቧንቧ አትግጠሙ።

አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ፈሳሹን ከሆፕ (ቢራን መራራ ከሚያደርገው አበባ) ጋር ስናፈላ ምሬቱ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ፣ በሁለቱም መንገድ አፈላሉን ትንሽ አርዝሙት።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ በጠባብ ኩሽና፣ 10 ሊትር ለመሞከር ከሆነ ከረጢቱ ይሻላል። ግቢ ላለውና 20 ሊትር በየወሩ ለሚጠምቅ አይስ ቦክሱ ድካም ይቀንሳል።