አምስት ኮከብ ለአየሩ፣ ሁለት ለቢሮው

አሜሪካ፣ ነብራስካ ግዛት ላይ ባለቤቴን ደረቱን ወጋውና ትንሿ ሆስፒታል ወደ ኦማሃ በሄሊኮፕተር አምቡላንስ ላከችው። የድርጅቱን ስም ልተወው።

የመጡት ሦስት ናቸው፤ ፓይለት፣ ነርስና ፓራሜዲክ (የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ)። ሁሉም ሄልሜት አድርገዋል፣ እሳት የሚቋቋም ቱታ ለብሰዋል። ነርሷ እንዳጫወተችኝ፣ ፓይለቱ ጥሪውን ሲቀበል የበሽተኛው ሁኔታ አይነገረውም። አዝኖ ጭጋግ ውስጥ እንዳይገባ ነው። የሚመዝነው አየሩን ብቻ ነው። ከሦስቱ አንዱ «አልተመቸኝም» ካለ ደግሞ በረራው ይቀራል፤ ማንም አይቆጣውም። እኛንም ደመናው እስኪገፈፍ አስጠበቁን። አንጀቴ አርሮ ነበር፣ ግን ልክ ናቸው።

ከመነሳታቸው በፊት ነርሷ የግሉኮሱን ቱቦ ከክንዱ እስከ ከረጢቱ በጣቷ ተከትላ አየችው። ጆሮውንም ከጩኸቱ ሸፈነችለት። እዚያ ጠባብ ቦታ ውስጥ የተነቀለ ነገር መመለስ ቀላል አይደለም።

ቢሮው ግን ሌላ ዓለም ነው! ማረፋቸውን እንኳ የነገረኝ የለም። ቆይቶ «ከኢንሹራንስሽ ጋር ውል የለንም» ብለው ኢንሹራንሱ ከከፈለው በላይ ያለውን የልዩነቱን ሂሳብ ላኩብኝ። ከ2022 ጀምሮ የፌዴራሉ ሕግ ኢንሹራንስ ያለውን ሰው እንዲህ ማስከፈል ይከለክላል። (የመሬቱን አምቡላንስ አይጨምርም፤ ጉድ እኮ ነው።) ሕጉን ጠቅሼ ስደውል ወዲያው ሰረዙት።