ብሔር የማይጠይቀው መታወቂያ፦ የፋይዳ አገልግሎት በአንድ ተጠቃሚ ዓይን

በኪሴ ሁለት መታወቂያዎች አሉ። አንደኛው ተማሪ ሳለሁ ከአንድ ቀበሌ የወሰድኩት፣ ጠርዙ የተበላና በፎቶግራፉ ላይ ያረፈው ክብ ማኅተም የደበዘዘ የወረቀት መታወቂያ ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራና የቤት ቁጥር ከሚሉት መስመሮች መካከል «ብሔር» የሚል መስመር አለው። ሁለተኛው የፋይዳ፣ ማለትም የአገሪቱ ዲጂታል መታወቂያ፣ ካርድ ነው፤ እሱ ላይ ይህ መስመር የለም፤ በጀርባው «ዜግነት» ይልና ኢትዮጵያዊ ብሎ ያልፋል። ስለ ፋይዳ የተጻፉት አስተያየቶች በአብዛኛው ስለ ወረፋው፣ ስለ ኅትመቱና ስለ ባንክ አገልግሎቱ ናቸው። እኔ የምገመግመው ግን በብሔር ላይ የተመሠረተ ፌዴራሊዝም ባለባት አገር ይህ ካርድ ምን እንደሚጠይቅና ምን እንደማይጠይቅ ነው፤ ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር እሱ ነውና።

የወረቀቱን መታወቂያ ያወጣሁበትን ቀን አልረሳውም። ጸሐፊው ቅጹን እየሞሉ ከመስመሩ ሲደርሱ ቀና ብለው «ብሔር?» አሉኝ። አባቴ በመምህርነት ተመድቦ ወደ ጋሞ የመጣ የጎጃም ሰው ነው፤ እናቴ የጋሞ ልጅ ናት። ሁለቱንም እንዲጽፉልኝ ብለምናቸው «መስመሩ አንድ ነው፤ የአባትህን ንገረኝ» አሉኝ። ሰውዬው ክፉ አልነበሩም፤ ቅጹ የሚፈቅድላቸውን ነው ያደረጉት። ነገር ግን ወጥቼ በረንዳው ላይ ቆሜ መታወቂያውን ሳየው፣ ያሳደገችኝና ቋንቋዋን ያስተማረችኝ እናቴ ከማንነቴ ላይ በአንድ የብዕር ጭረት የተሰረዘች ያህል ተሰምቶኝ ነበር።

ፋይዳ የቆመው በ2015 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ላይ ነው። ሲመዘግብ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ጾታ፣ የመኖሪያ አድራሻና ዜግነት ይጠይቃል፤ ስልክም ይመዘግባል። ከዚያ የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል ይወስዳል። በመጨረሻ 12 አሃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣል። ብሔርም ሃይማኖትም አይጠይቅም። ከቁጥሩ ላይም የባለቤቱ ክልልም ሆነ የትውልድ ቦታ አይነበብም። ምዝገባው በነጻ ነው፤ ካርዱን ማሳተም ግን ይከፈልበታል።

እናቴን ለማስመዝገብ አርባ ምንጭ ድረስ ሄጄ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ጥጥ ስትፈትል የኖረች ሴት ናት፤ እንዝርቱ የሚሾርበት የአውራ ጣቷና የሌባ ጣቷ ቆዳ እንደ መስታወት ለስልሷል። መዝጋቢው ወጣት እጇን ከመሣሪያው ላይ ሲያስቀምጥ አሻራው እምቢ አለ። በእርጥብ ጨርቅ ጠረገላትና «እማማ፣ ትንሽ ጫን ያድርጉት» አላት። አሁንም እምቢ። እናቴ ሳቅ ብላ «የኔ ልጅ፣ ጥጥ በልቶታል» አለችው። ወጣቱ ሳይቸኩል የሌሎቹን ጣቶች አሻራ እንደምንም ወስዶ ወደ ዓይን ማንሻው ዞረ፤ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ በጉብዝና ተቀመጠችለትና አንድ ጊዜ ብቻ አንስቶ ጨረሰ። አሻራቸው በእርሻ፣ በሽመና፣ በፈትልና በእንጀራ ምጣድ የጠፋባቸው ሚሊዮኖች ባሉበት አገር፣ በጣት ብቻ አለመታመኑ የአገልግሎቱ አንድ መልካም ጎን ነው። ምዝገባው ሲያልቅ መዝጋቢው የጻፈውን አነበበላት። ስሟን፣ ዓመተ ምሕረቷንና አድራሻዋን ሰምታ ዝም ብላ ትንሽ ጠበቀችና «ሌላ አይጠይቁም?» አለችኝ። ምን እየጠበቀች እንደነበር ገብቶኛል።

አድራሻዋ ላይ ቆም ልበል፤ የፌዴራሊዝማችን ታሪክ ከእሱ ላይ ይነበባልና። እናቴ ከቀበሌ የወሰደችው መታወቂያ «የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል» ይላል። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. ካቋቋማቸው ዘጠኝ ክልሎች አንዱ የነበረው ይህ ክልል ዛሬ የለም። ሲዳማ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ወጣ፤ በ2014 ዓ.ም. ደቡብ ምዕራብ ተከተለ። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ጋሞን፣ ወላይታን፣ ጎፋን፣ ደቡብ ኦሞን፣ ጌዴኦንና ኮንሶን ጨምሮ ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች ድምፅ ሰጥተው፣ ከወራት በኋላ «ደቡብ ኢትዮጵያ» የሚባለው ክልል ተመሠረተ፤ ቀሪው «ማዕከላዊ ኢትዮጵያ» ሆነ። ክልሎቹም ዐሥራ ሁለት ደረሱ። እናቴ ከአንድ ግቢ ሳትነቃነቅ ክልሏ ተቀየረ፤ በእጇ ያለው የቀበሌ መታወቂያ የሌለ መንግሥት ስም የያዘ ወረቀት ሆኖ ቀረ። የፋይዳ ቁጥሯ ግን ነገ ወሰን ቢሰመር፣ ዞን ቢከፈል ወይም ክልል ቢሰየም ያው ነው፤ የሚቀየረው የአድራሻው መስመር ብቻ ነው። ክልሎች በሕዝብ አሰፋፈር፣ በቋንቋ፣ በማንነትና በፈቃድ እንዲዋቀሩ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 46 ላይ ደንግጓል፤ ፈቃድ ሲቀየር ካርታውም መቀየሩ ያለና ተገቢ ነው። ዜጋው ግን ካርታው በተቀየረ ቁጥር እንደ አዲስ ማንነቱን ማስረዳት የለበትም።

ይህን ስል የሚነሳብኝን ክርክር አውቀዋለሁ፤ ቅን ሰዎች የሚያነሱት ስለሆነም በቅንነት ልመልሰው ይገባል። የብሔር መስመር ከመታወቂያ ከጠፋ፣ ቁጥራቸው አነስተኛ የሆኑ ሕዝቦች በምን ይታወቃሉ? ውክልናቸውስ በምን ይሰላል? ይላሉ። በፌዴሬሽን ምክር ቤት እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ተወካይ፣ ለተጨማሪ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ተወካይ አለው። ለዚህ ስሌት ቁጥር ያስፈልጋል፤ ቁጥሩን የሚሰጠው ግን የሕዝብ ቆጠራ እንጂ የግለሰብ መታወቂያ አይደለም። ቆጠራ አንድን ሕዝብ ቆጥሮ ድምሩን ያስቀምጣል፤ መታወቂያ ግን የአንድን ሰው ማንነት ከፎቶግራፉ ጋር አጣብቆ ለጠየቀ ሁሉ፣ በኬላ ለቆመ ሁሉ እንዲያሳይ ያደርገዋል። በሩዋንዳ በቅኝ ግዛት ዘመን መታወቂያ ላይ የገባው የጎሳ መስመር እ.ኤ.አ. በ1994 በየኬላው ለምን እንደዋለ ዓለም ያውቀዋል። እኛም ባለፉት ዓመታት መንገድ ሲዘጋ መታወቂያቸውን በካልሲያቸው ውስጥ የደበቁ መንገደኞችን አይተናል። የፌዴሬሽኑ ትክክለኛ ጉድለት ቆጠራው ነው፤ የመጨረሻው የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቀጣዩ እየተላለፈ እዚህ ደርሷል። ለትንንሾቹ ሕዝቦች ውክልና የሚቆረቆር ሰው ድምፁን ማሰማት ያለበት በዚህ ላይ ነው።

ፋይዳን ግን ከአቅሙ በላይ አላሞግሰውም። ካርዱ ማን እንደሆንክ ያረጋግጣል እንጂ የምትኖርበት ቦታ ነዋሪ አያደርግህም። እኔ የምኖርበት ወረዳ የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ካለፈው አድራሻዬ መሸኛ እንዳመጣ ጠየቀኝ፤ መሸኛውን ይዤ ስመለስ ምዝገባው ለጊዜው ቆሟል ተባልኩ፤ ሳይከፈት ወራት አለፉ። የፋይዳ ካርዴን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ሠራተኛዋ በትሕትና መለሰችልኝ፦ «ወንድሜ፣ እሱ የፌዴራል ነው፤ እኛ የምንፈልገው የነዋሪነት ነው።» መልሷ ልክ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው ቦታ የመኖር ነጻነት እንዳለው ይናገራል፤ ይህ ነጻነት በተግባር የሚከፈተውና የሚዘጋው ግን በቀበሌና በወረዳ መስኮት ነው። የነዋሪነት ጉዳይ ቀላል አይደለም፤ በምርጫ ለመመዝገብ እንኳ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖርን ማስረዳት ያስፈልጋል።

ከነዋሪነትም ጠለቅ ያለ ነገር አለ። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሕገ መንግሥት በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን የክልሉ ባለቤቶች ብሎ ከሌሎች ነዋሪዎች ይለያል። በሐረሪ ክልል ከ36 የምክር ቤት መቀመጫዎች 14ቱ የሐረሪ ብሔር ተወካዮች የሚቀመጡበት የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ናቸው። ለዘመናት የተገፉ ወይም በቁጥር የሚዋጡ ሕዝቦች እንዲህ ያለ ጥበቃ መሻታቸውን አከብራለሁ፤ ግን እዚያው ተወልዶ ያደገ ሌላ ዜጋ «ባለቤት» እና «ነዋሪ» በሚለው ልዩነት ውስጥ ምን ዋስትና እንዳለው የሚመልስ ካርድ የለም፤ ፋይዳም አይመልሰውም።

ሌላው የማነሳው የቋንቋ ጉዳይ ነው። በእጄ ያለው ካርድ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ሕገ መንግሥቱ ሁሉም ቋንቋዎች እኩል እውቅና አላቸው ይላል፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲም አፋን ኦሮሞን፣ ትግርኛን፣ ሶማልኛንና አፋርኛን ከአማርኛ ጋር የፌዴራል የሥራ ቋንቋ ለማድረግ የታሰበበት ነው። ነገሩ የክብር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የአጻጻፍም ነው። በቁቤ፣ ማለትም በአፋን ኦሮሞ የላቲን አጻጻፍ፣ «ጫልቱ» የሚለውን ስም የሚጀምረው ፊደል (C) በእንግሊዝኛ ልማድ «ከ» ወይም «ሰ» ተብሎ የሚነበበው ነው። የትምህርት ማስረጃዋ በቁቤ፣ መታወቂያዋ በእንግሊዝኛ ልማድ የተጻፈላት ልጅ በላቲን ፊደል ሁለት ሰው ትመስላለች፤ አንድ መሆኗን የማስረዳቱም ሸክም በእሷ ላይ ይወድቃል። አማርኛ አፍ የፈታሁበት ቋንቋ ነው፤ ከጎኑ የባለቤቱ የክልል ቋንቋ በራሱ ፊደል ቢጨመር ለአማርኛ አንዳች የሚጎድልበት ነገር አይታየኝም።

እስካሁን ያልተመዘገበ ሰው ካለ እንዲመዘገብ አጥብቄ እመክራለሁ። ስትመዘገቡ መዝጋቢው የሚያሳያችሁን ስም በአማርኛውም በእንግሊዝኛውም ፊደል በፊደል ተመልከቱ፤ በተቻለ መጠን ከትምህርት ማስረጃችሁ ጋር አንድ ይሁን። ከቀድሞው ደቡብ ክልል የመጣችሁ ደግሞ አድራሻችሁ በአዲሱ ክልል ስም መመዝገቡን አረጋግጡ። የቀበሌውን መታወቂያ ግን አትጣሉት፤ እናቴም አልጣለችውም። በፈተለችው ጥጥ በተሠራ መሐረብ ውስጥ ሁለቱን አንድ ላይ ቋጥራ አስቀምጣቸዋለች፤ ለባንኩ አንደኛውን፣ ለቀበሌው ሌላኛውን ትፈታለች።