«ጋምፐራሊያ»፦ የሲንሃላ የፍቅር ልብ ወለድ በጎጃም አንባቢ ዓይን

ደብረ ማርቆስ ውስጥ መጻሕፍት በምንዋዋስ ሰዎች መካከል ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሰነበተው የስሪ ላንካዊው ደራሲ የማርቲን ዊክራማሲንጌ «ጋምፐራሊያ» ነው። መጽሐፉ በሲንሃላ ቋንቋ የታተመው በ1944 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ እኛ ያነበብነው «አፕሩትድ» በሚል ርእስ የወጣውን የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው። ታሪኩን ለጎጃም ሰው ማስተዋወቅ አያስቸግርም። የባላባት ልጅ ሊያስተምር የገባ፣ በትውልዱ ዝቅ ተደርጎ የሚታይ ወጣት ተማሪውን ይወዳል፤ ወላጆቿም አይሆንም ይላሉ። ይህን ሰምቶ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን የማያስታውስ የለም። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ስለሆነ የሲንሃላው መጽሐፍ ከሃያ ዓመት በላይ ይቀድመዋል። ሆኖም ሁለቱም ደራሲዎች የቀዱት ከተወለዱበት አገር ሕይወት ነው፤ ዊክራማሲንጌ በደቡብ ስሪ ላንካ ባሕር ዳር ካለችው ከኮጋላ መንደር፣ ሐዲስም እዚሁ አጠገባችን ካለው ከእንዶዳም።

ናንዳ የሙሃንዲራም ካይሳሩዋቴ ልጅ ናት። ሙሃንዲራም በቅኝ ግዛት ዘመን ለአገሬው ሹማምንት ይሰጥ የነበረ ማዕረግ ሲሆን፣ ታሪኩ በሚጀምርበት ጊዜ የቤተሰቡ ክብር ቢኖርም ሀብቱ እየተሟጠጠ ነው። እንግሊዝኛ የሚያስተምራት ፒያል ይወዳታል፤ እሷም ልቧ ወደ እሱ ያዘነብላል። ወላጆቿ ግን አጥንቱ ለጠራው፣ እጁ ግን ባዶ ለሆነው ለጂናዳሳ ይድሯታል። ፒያል ወደ ኮሎምቦ ሄዶ በንግድ ይከብራል።

እኔን ይበልጥ የማረከኝ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» የፍቅረኞቹ ልብ አንድ ነው፤ የሚለያያቸው ግንብ ከውጭ የቆመ ነው፤ ስሙም ፊታውራሪ መሸሻ ይባላል። «ጋምፐራሊያ» ውስጥ ግን ግንቡ ያለው በራሷ በናንዳ ውስጥ ነው። ፒያልን እየወደደችው፣ የቤተሰቧን ኩራት የምትጋራ ልጅ ናት፤ ወላጆቿ ሲቃወሙ ግማሽ ልቧ ከእነሱ ጋር ይቆማል። እንደ ጉዱ ካሳ ሥርዓቱን ፊት ለፊት የሚሞግት ሰው በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ ደራሲው ክርክሩን ለአንባቢው ትቶታል። በእኔ ግምት ባህል በሰው ላይ ያለውን ጉልበት በዚህ ረገድ የሲንሃላው ደራሲ ይበልጥ ጠልቆ አይቶታል፤ ምክንያቱም ጨካኝ አባት ሲሞት ያልፋል፣ በልጅነት ከእናት ጡት ጋር የተጠባ ኩራት ግን አብሮ ይኖራል።

ይህን አጉልቶ የሚያሳየው ናንዳ የምትታመምበት ክፍል ነው። ቤተሰቧ ሕመሙን ከክፉ መንፈስ ይቆጥረውና ቶቪል የተባለውን ሥርዓት ያስደርጋል። ቶቪል ሌሊቱን ሙሉ በከበሮ፣ በችቦና በጭፈራ የሚካሄድ፣ ለመንፈሱ መባ ሰጥቶ ከታማሚው የማሰናበት ሥርዓት ነው። በእኛ አገር ቢሆን ልጅቱ ጠበል ትወሰድ፣ በላይዋ ያደረውም «ለፍልፍ» ይባል ነበር። ደራሲው በሥርዓቱ አይሳለቅም፤ ዘመድ ወዳጁ ከልቡ ሲጨነቅላት ያሳየናል። አንባቢ ግን የሕመሟ ምንጭ በአፍ ያልተጠራው ፍቅር መሆኑን ይረዳል፤ ያን ሁሉ ጩኸት እየሰማን አንድም ሰው የፒያልን ስም አለማንሳቱ ያንገበግባል።

የሲንሃላን የጋብቻ ወግ የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነገር አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቀማል። አማላጁ በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል ይመላለሳል፤ ዘር፣ ሀብትና ጥሎሽ ይጣራል፤ የልጆቹ የልደት ኮከብ መስማማቱ ይታያል፤ የሠርጉ ሥርዓት የሚጀመርበት ሰዓት ሳይቀር በኮከብ ቆጣሪ ይወሰናል። ሽማግሌ ልኮ፣ ሰባት ቤት አስቆጥሮ ልጁን የዳረ፣ ወይም ደብተራ ዘንድ ሄዶ የሙሽሮቹን ስም ከእናቶቻቸው ስም ጋር ያስቆጠረ የጎጃም ሰው በዚህ እንግዳነት አይሰማውም። ልዩነቱ በእኛ ዘንድ ማጫ የሚቆርጡት የሁለቱም ወገን ወላጆች ሲሆኑ፣ በእነሱ ዘንድ ሸክሙ በአብዛኛው በሴቷ ቤተሰብ ላይ መውደቁ ነው። የናንዳ ታላቅ እህት አኑላ ሳታገባ መቅረቷን የሚያነብ ሰው ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።

ጂናዳሳ ከስሮ አገር ጥሎ ይሄዳል፤ ሞተ ተብሎ ይወራል፤ ፒያልና ናንዳም ይጋባሉ። ሌላ ደራሲ እዚህ ላይ ባቆመ ነበር። ዊክራማሲንጌ ግን የጂናዳሳን እውነተኛ ሞት የሚያረዳ ቴሌግራም ያመጣል፤ ናንዳ ለቀድሞ ባሏ የምታሳየው ሐዘንም በአዲሱ ትዳር መካከል ይገባል። ፒያል የተመኛትን ሴት አግኝቷል፤ ያን ቀን ከቤቷ የመለሰውን ኩራት ግን ከእሷ ነጥሎ ሊያስቀረው አልቻለም። እንባ የሚያስነባ ፍጻሜ የለመድን አንባቢዎች ይህ ሊቀዘቅዝብን ይችላል፤ ለእኔ ግን የመጽሐፉ ትልቁ ብርታት ነው።

ጉድለቱን ሳልጠቅስ አላልፍም። አካሄዱ አዝጋሚ ነው፤ የቤተሰቡ ስሞችና ማዕረጎች በመጀመሪያዎቹ ገጾች ያምታታሉ፤ የንግዱም ታሪክ የመንደሩን ያህል ሕይወት የለውም። ማንበብ የሚከብደው ሰው ሌስተር ጄምስ ፒሪስ በ1963 እ.ኤ.አ. የሠራውን ፊልም ቢያይ የታሪኩን መንፈስ ያገኘዋል።

መጽሐፉ የሦስት ልብ ወለዶች መጀመሪያ ነው። ከቀሪዎቹ «ዩጋንታያ» በ1949፣ «ካሊዩጋያ» በ1957 እ.ኤ.አ. ቢታተሙም፣ በታሪኩ ቅደም ተከተል የሚቀድመው «ካሊዩጋያ» ነው፤ የናንዳና የፒያል ትዳር ኮሎምቦ ላይ ምን እንደ ደረሰ የሚነገረው እዚያ ስለሆነ ቀጥሎ መነበብ ያለበት እሱ ነው።